አንዱ በቢጫው አውቶቡስ፣ አንዷ ቤት፦ በሜሪላንድ ልጅን ራስ የማስተማር መንገድ

በቤታችን ሁለት ተማሪዎች አሉ። ወንዱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ማለዳ ቢጫው አውቶቡስ ከመንገዱ ጫፍ ይወስደዋል። ሴቷ የአራተኛ ክፍል ትምህርቷን የምትማረው ከእኔ ጋር ነው። ይህን የሰማ የአገር ልጅ ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ይሁን እንጀራ መሸጫው ደጃፍ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጅቷን ምን አገኛት?» ይለኛል። ምንም አላገኛትም። አልታመመችም፣ አልተባረረችም። በብዙ ልጆች መካከል ስትሆን ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ ሳትል የምትመለስ ልጅ ናት፤ እኔ ደግሞ ደሴ ሳለሁ አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር። ተመካክረን ጀመርነው።

ወንድሟን ስንጠይቀው ግን «እኔ የትም አልቀርም» አለ። ጓደኞቹ፣ ኳሱ፣ በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ የሚወራው ወሬ ሁሉ ከእናት ጋር ከመዋል ይበልጡበታል፤ አልፈርድበትም። ስለዚህ ከወረቀቱም ከመጽሐፉም በፊት ልጁን ጠይቁት። ወላጅ ብቻውን የወሰነው የቤት ትምህርት ገና መኸሩ ሳያልፍ ወደ ጭቅጭቅ ይለወጣል።

የምጽፈው ስለ ሜሪላንድ ነው፤ የምንኖረው በሞንትጎምሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነውና። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ የምትተዳደሩት በቨርጂኒያ ሕግ ነው፤ እዚያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቅ፣ በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን በፈተና ውጤት ወይም በምዘና ማሳየት ይጠበቅባችኋል። ዋሽንግተን ዲሲም የራሱ ደንብ አለው፤ አስተማሪው ወላጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቁን ይጠይቃል። የእኛ ሜሪላንድ የወላጁን የትምህርት ደረጃ አይጠይቅም፣ ልጁንም ለፈተና አያስገድድም። እንግዲህ ሌላ ግዛት ያለ ዘመድ በስልክ የነገራችሁን ይዛችሁ አትሩጡ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። አባትም እናትም ቀን የሚሠሩ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም አያት ወይም አክስት ከሌለች፣ አትጀምሩት። ባለቤቴ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ እኔ ቅዳሜና እሑድ አረጋውያን መንከባከቢያ እገባለሁ፤ እናቴም ከእኛ ጋር ትኖራለች። ይህ ባይገጣጠም ኖሮ ሁለቱም ልጆች ዛሬ በአውቶቡሱ ነበር የሚሄዱት።

ወረቀቱ

ሥራው የሚጀምረው በአንድ ቅጽ ነው። ቤት እንደምታስተምሩ የምትገልጹበት ይህ ቅጽ፣ ከምትጀምሩበት ቀን ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ለካውንቲው የትምህርት ጽሕፈት ቤት መድረስ አለበት። ፈቃድ መለመኛ አይደለም፤ ማሳወቂያ ነው። ብዙ ወገኖቻችን እንደ ቪዛ ማመልከቻ ፈርተው ይቀርቡታል። በእነዚያ 15 ቀናት ግን ልጁ ትምህርት ቤት መሄዱን ይቀጥል፤ ያለዚያ ያለ ምክንያት ቀረ ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ ግዛት ከ5 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ የመማር ግዴታ ስላለበት ከትምህርት መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። የላካችሁትን ቅጂና የተላከበትን ቀን አስቀምጡ። በየዓመቱ መቀጠላችሁን ታረጋግጣላችሁ፤ ወደ ሌላ ካውንቲ ብትዛወሩ ለአዲሱ እንደገና ታሳውቃላችሁ።

ቅጹ ላይ አንድ ምርጫ አለ። ወይ የካውንቲው ገምጋሚ ሥራችሁን ያያል፣ ወይ የሃይማኖት ድርጅት ወይም የግል ትምህርት ቤት ይቆጣጠራችኋል። ሁለተኛው መንገድ ብዙውን ጊዜ ክፍያ አለው፣ የየድርጅቱም ደንብ ይጨመርበታል። እኔ የመጀመሪያውን መርጫለሁ፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ ደግሞም ከባለሥልጣን ጋር ፊት ለፊት ተነጋግሬ ብጨርስ ይሻለኛል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የሞንትጎምሪ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለወላጆች መረጃ ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። የሰባተኛ ክፍል ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ ይዛችሁ አትሂዱ። ልጅ የወላጁን ጉዳይ ሲተረጉም የሚጨምረውና የሚቀንሰው አለው፤ የኔው ልጅ ከመምህሩ ጋር በተነጋገርን ቁጥር እንዴት እንደሚመሰገን ብታዩ!

ክላሰሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ገምጋሚው የሚያየው ልጅቷን አይደለም፣ ቤታችሁንም አይደለም፤ የሚያየው ወረቀት ነው። ስምንት ትምህርቶች አሉ፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤና እና የሰውነት ማጎልመሻ። ደንቡ የሚለው በእነዚህ ሁሉ ዘወትርና በጥልቀት እንድታስተምሩ ነው። «ዘወትር» የሚለው ላይ አስምሩበት። አንድ ቀን የተሠራ ድንቅ ፕሮጀክት ከሚያስደስታቸው ይልቅ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ጁን ሳይቋረጥ የተሠራ ተራ ሥራ ያሳምናቸዋል።

ስለዚህ ሰፋ ያለ ክላሰር ግዙና በስምንት መለያ ክፈሉት። ዓርብ ዓርብ ከእራት በፊት እኔና ልጄ ቁጭ ብለን የሳምንቱን ወረቀት እናያለን፤ ከየትምህርቱ አንድ አንድ መርጠን ቀን ጽፈንበት እናስገባለን። የምትመርጠው እሷ ናት፤ እኔ በአንድ ነገር ብቻ ጣልቃ እገባለሁ፤ ያማረውን ብቻ እንዳትመርጥ። በሴፕቴምበር ማካፈል ያቃታት ወረቀት፣ ከነስርዙ፣ ከዲሴምበሩ ጎን ሲቀመጥ ያለ ምንም ማብራሪያ ለውጧን ያሳያል። ሁሉም ትክክል የሆነበት ክላሰር እኮ እናትየዋ የሠራችው ይመስላል።

ያነበበቻቸውን መጻሕፍት ዝርዝር በአንድ ገጽ እንይዛለን። ለሰውነት ማጎልመሻ ቀኑ፣ የተሠራውና የወሰደው ጊዜ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ «ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ግማሽ ሰዓት» ይበቃል። ለጤና ስለ ጥርስ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ደግሞ አደጋ ሲደርስ 911 እንዴት እንደሚደወልና አድራሻ እንዴት እንደሚነገር ተምራ የጻፈችው አለ። ሙዚቃ ብዙዎችን ያስጨንቃቸዋል፤ ፒያኖ የግድ ይመስላቸዋል። ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ትመታለች። የምቱን ዓይነት በነጥብና በሰረዝ ጽፋ፣ ከፎቶግራፏ ጋር ክላሰሩ ውስጥ ገብቷል። ለሥነ ጥበብ ደግሞ አያቷ የመሶብ ስፌት ታሳያታለች፤ ስንደዶው ባይኖርም በወፍራም ክር ይሠራል። የመሶቡ ጥለት ከመሃል እየዞረ እኩል ሲደጋገም ሒሳብም ስለሆነ፣ አንዱን ሥራ በሁለት መለያ ሥር በቅጂ አስገብተነዋል።

በአገር ቤት ሳስተምር የዓመት፣ የሳምንትና የዕለት ዕቅድ እንጽፍ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ፈርሞበት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። እዚህ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔው ግን የሳምንቱን በአንድ ገጽ እጽፋለሁ። አሁን የሚፈርምበት ስለሌለ ይመስለኛል የምጠቀምበት።

ግምገማው በዓመት ከሦስት ጊዜ አይበልጥም፤ ጊዜውና ቦታውም ሁለታችሁ የምትስማሙበት መሆን አለበት። ሰው ቤት ይመጣል ብላችሁ ምንጣፍ ማጠብ አይጠበቅባችሁም። እኔን ያየችኝ ሴትዮ ክላሰሩን ገልጣ ገልጣ ልጅቷን አሁን ምን እያነበበች እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ልጄም፣ በክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማትለዋ፣ የመጽሐፉን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር አወራችላት። የጎደለ ነገር ካለ በጽሑፍ ይነገራችኋል፤ ማስተካከላችሁን ለማሳየት 30 ቀን አላችሁ። ካላስተካከላችሁ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል። ከደንቡ ውጪ ተጨማሪ ነገር ሲጠየቅ ከሰማችሁ ደግሞ፣ በትሕትና «ይህ በደንቡ የት አለ?» ማለት ይቻላል። እኛ ሰዎች ይህን ጥያቄ መጠየቅ አይሆንልንም።

ቀኑ እንዴት ይውላል

በትልቁ ልጄና በትንሿ መካከል ያለው የቀን ልዩነት የሚገርም ነው። እሱ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ከክፍል ክፍል ይሮጣል፣ ምሳ ለመውሰድ ይሰለፋል፤ ሰልፉ ሲያልቅ የምሳው ሰዓት ሊያልቅ ምንም አይቀረውም። ማታ «ምን ተማርክ?» ስለው «ምንም» ይለኛል፤ ስለ ምሳው ሰልፍ ግን ሩብ ሰዓት ያወራል። የትምህርት ቤት ቀን ረጅም የሆነው ብዙ ልጅ በአንድ ላይ ለማንቀሳቀስ ጊዜ ስለሚፈጅ ነው። አንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትማር፣ ለአራተኛ ክፍል ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይበቃል። ሰባት ሰዓት ካስቀመጣችኋት የምታስተምሩት ትዕግሥት ብቻ ነው።

እኛ የምንጀምረው በአገራችን አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አባትየው ከሌሊት ሥራ ተመልሶ የሚተኛበት ጊዜ ስለሆነ ጠዋቱ የጸጥታ ነው፤ ሒሳብ፣ ንባብ፣ ጽሕፈት። ከበሮውና ገመዱ ከሰዓት በኋላ ይጠብቃሉ። እኛ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያደግን ሰዎች ደወሉን ቤት ውስጥ ማምጣት ይቃጣናል። አታምጡት። ሒሳቡ ከገባት በሃያ ደቂቃ ይዘጋል፤ ካልገባት ወደ ነገ ያድራል።

ስለ ሒሳብ አንድ ምክር፦ እዚህ ከሚያስተምሩበት ዘዴ ጋር አትጣሉ። 23 በ14 ሲባዛ እኛ ከላይ ወደ ታች ደርድረን፣ ይዘን፣ ደምረን እንጨርሳለን። እዚህ አራት ክፍል ያለው ሳጥን ይሥላሉ፤ 20 በ10፣ 200፤ 20 በ4፣ 80፤ 3 በ10፣ 30፤ 3 በ4፣ 12፤ ሲደመር 322። ረጅም ይመስላል፤ ልጅቷ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ሳጥኑን እንዲለምዱ አድርጉ፤ በኋላ የኛን ስታሳዩዋቸው «ይኸማ ያው ነው!» ይላሉ። የማባዣ ሰንጠረዡን በቃል ማስያዝ ላይ ግን ወደ ኋላ አልልም፤ በዚህ ነገር የድሮ አስተማሪ ነኝ። ክፍልፋይ የምናስተምረው ማዕድ ቤት ነው። አምባሻው ሦስት አራተኛ ኩባያ ወተት ከፈለገ፣ ሁለት አምባሻ ስንት ይፈልጋል? አንድ ኩባያ ተኩል መሆኑን ሊጡ ሳይቀጥን ማወቅ አለባት።

ኅብረተሰብ ትምህርት ላይ እኛ የማንም የማይሆን ሀብት አለን፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው በፈረንጅ በኖቬምበር 1974 ነው፤ በኛ ኅዳር 1967። ልዩነቱ 7። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896። ልዩነቱ 8። ሁለቱን ብቻ አስቀምጡላትና «ለምን?» ብላችሁ ተዋት። ልጄ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ወለሉ ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ዘርግታ፣ አዲስ ዓመታችን በሴፕቴምበር ስለሚገባ፣ የነሱ በጃንዋሪ ሲቀየር ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 እንደሚዘል ራሷ ደረሰችበት። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ፈተነችው፤ አልመለሰም፤ ያን ቀን እራት ላይ ማንም ሌላ ወሬ ማውራት አልቻለም።

ይህን ከጨረስን በኋላ በቀዩ የሜትሮ መስመር ተሳፍረን ዋሽንግተን መሃል ወዳለው የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄድን። መግቢያው በነፃ ነው፤ የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሽ ውስጥ የድንቅነሽ አምሳል አለ። እንዲህ ዓይነት ጉዞ በሥራ ቀን ጠዋት አድርጉት፤ ቅዳሜ ሰው ይበዛል። አንድ አዳራሽ ብቻ አይታችሁ ተመለሱ። ቲኬቱ ነፃ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት መልፋት የኛ ሰው ልማድ ነው።

አማርኛ ከስምንቱ ትምህርቶች ውስጥ አይደለም፤ እኛ ግን በየቀኑ ከምሳ በኋላ ከአያቷ ጋር እናስቀምጣታለን። እናቴ ፊደል የቆጠረችው የኔታ ዘንድ ነው፤ እኔ በዘመናዊ ትምህርት ቤት። ከእኔ ዘዴ የሷ በለጠ። ልጆች ሀ ሁ ሂ እያሉ በዜማ መውረድ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ጣታችሁን መሃል ላይ ብታሳርፉ ግን ፊደሉን አያውቁትም። የኔታዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ነው ከፊደል ገበታው ቀጥለው አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ቅደም ተከተሉ ስለሚዘበራረቅ በዜማ ማምለጥ አይቻልም። እናቴ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ታስነብባታለች። ሞክሩት። «እማማ፣ ይኼ ቅጣት ነው?» ብላ ጠየቀቻት አንድ ቀን። «ቅጣትማ እኛ ያየነው ነበር» አለቻት እናቴ፣ ንባቡንም አላስቆመችም።

ጓደኛ

እንደ ክላሰሩ ሁሉ ዕቅድ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ልጆቹ ተገናኝተው ሳይጠግቡ ይለያያሉ። ቤት የሚማሩ ልጆች ወላጆች በየቤተ መጻሕፍቱና በየመናፈሻው የሚገናኙባቸው ስብስቦች አሉ፤ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጠይቁ። ልጃችሁን ሁልጊዜ ወደ ያው አንድ ቡድን፣ በያው አንድ ቀን ውሰዱት። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ማዞር ለዓይን አፋር ልጅ በየሳምንቱ አዲስ ትምህርት ቤት እንደ መግባት ነው። የእኔዋ አንዲት ጓደኛ ለማግኘት ክረምቱን ሙሉ ፈጅቶባታል። እናቶቹ ብዙዎቹ ፈረንጆች ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ ከልጄ ይልቅ የተሽኮረመምኩት እኔ ነኝ።

ቤት የምትማር ልጅ ወንድሟን መቅናቷ አይቀርም። የኔዋን የሚያስቀናት ሒሳቡ ወይም ላቦራቶሪው አይደለም፤ የክፍል ፎቶግራፍ የሚነሱበት ቀንና በረዶ ሲጥል ትምህርት መዘጋቱ ነው። በረዶ ጥሎ እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ ሲያያት፣ እሷ ሒሳብ ልትሠራ እንዴት ትችላለች? ስለዚህ በቤታችን ካውንቲው ትምህርት ዘጋ ማለት እኔም ዘጋሁ ማለት ነው። እሱ በበኩሉ የሚቀናው በማለዳ እንቅልፏና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ትኩስ ፍርፍር በመብላቷ ነው። ሁለቱም የሌላው ሕይወት ይሻላል ብለው ካመኑ ሚዛኑ ተስተካክሏል ማለት ይመስለኛል።

ገንዘብና ወደ ፊት

መንግሥት ለቤት ትምህርት ገንዘብ አይሰጥም። በመጀመሪያው ዓመት በውድ የሚሸጠውን ሙሉ የትምህርት ጥቅል አትግዙ፤ ልጃችሁ በምን እንደሚማር ገና አታውቁም። የቤተ መጻሕፍት ካርድ፣ ያገለገሉ መጻሕፍት፣ ወረቀትና የማተሚያ ቀለም ይበቃሉ። ቀለሙ ነው ውድ።

ሁለተኛ ደረጃን በተመለከተ፣ ካውንቲው ቤት ለተማረ ልጅ ዲፕሎማ አይሰጥም። ወይ ጂኢዲ የሚባለውን፣ ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ጋር አቻ የሆነውን ፈተና ይፈተናል፣ ወይ እናንተ ያዘጋጃችሁትን የትምህርት ማስረጃ ኮሌጁ ይመዝነዋል። ሞንትጎምሪ ኮሌጅ ቅርባችን ነው፤ እኛ ግን እዚያ ለመድረስ ገና ነን፣ ልጅቷም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ወንድሟ ወዳለበት እገባለሁ እያለች ነው።

መመለስ የሚፈልግ ልጅ በማንኛውም ጊዜ ይመለሳል፤ በዓመቱ መሃልም ቢሆን። በሰፈራችሁ ወዳለው ትምህርት ቤት የልደት ማስረጃ፣ የክትባት ወረቀትና የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። በየትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ሊመዝነውም ይችላል። ክላሰሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ የሒሳቡንና የንባቡን ክፍል ቀድማችሁ ነቅላችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ስምንቱን መለያ ለመግለጥ ጊዜ የላትም።